ከቱባ እስከ ሱዛ፦ የማርሽ ሙዚቃ ክሮስወርድ እንዴት እንደምፈታ

(ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ለወገኖቼ ያደረግኩት ንግግር ነው። መምጣት ላልቻላችሁ ብዬ በጽሑፍ አወጣሁት፤ በመሃል የነበረውን ጨዋታ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ያውም እንዲህ ባለ ፀሐይ፣ ስለ ክሮስወርድ፣ ማለትም ፍንጭ እያነበቡ ወደ ጎንና ወደ ታች በሚገናኙ ሳጥኖች ውስጥ ቃላትን ፊደል በፊደል ስለሚሞሉበት ጨዋታ፣ ለመስማት መምጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ልጠይቃችሁ። የመኪናም ነው፣ የወታደርም ነው። ሦስት ፊደል።

አዎ! እዚያ ጋ ያሉት እናቴ ልክ ናቸው። ማርሽ። መኪና ስንነዳ ማርሽ እንቀይራለን፤ ሰልፍ ላይ ደግሞ ማርሽ ይመታል። ጣልያኖችም ‘ማርቻ’ ሲሉ ሁለቱንም ማለታቸው ነው። እሺ፣ አንድ ልጨምር። ሁለት ፊደል። ያልተበረዘ ባህል እንዲህ ይባላል፤ ትልቁ የናስ ትንፋሽ መሣሪያም እንዲሁ።

ቱባ። በቃ፣ ክሮስወርድ መፍታት ጀምራችኋል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ዓይነት ክሮስወርድ ነው። የእንግሊዝኛው፣ ጭብጡ ደግሞ የድሮ የማርሽ ባንድ ሙዚቃ የሆነው። ለምን እሱን መረጥክ የሚል ካለ መልሴ አጭር ነው፦ እኔ በዚያ በር ነው የገባሁት፣ እናንተም በዚያው በር በቀላሉ ትገባላችሁ ብዬ አምናለሁ። ዜማዎቹን ጆሯችሁ ያውቃቸዋል። የቀራችሁ ስማቸው ነው።

አሜሪካ እንደመጣሁ ዋሽንግተን ውስጥ ፓርኪንግ እሠራ ነበር፣ የሌሊት ፈረቃ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ጠና ያለች አሜሪካዊት ነበረች። ሁልጊዜ ጋዜጣና እርሳስ ከእጇ አይጠፋም። እኔም ለመሞከር እፈልግና የአንዱን ቤዝቦል ተጫዋች ስም፣ እኔ ሳልወለድ በቴሌቪዥን የታየ ድራማ፣ የቁርስ እህል ማስታወቂያ ይጠይቀኛል። እንግሊዝኛዬ መጥፎ አልነበረም። ግን ያን ሁሉ ለማወቅ እዚህ አገር ልጅ ሆኖ ማደግ ያስፈልጋል። ተስፋ ቆርጬ ተውኩት።

አንድ ሌሊት ግን ቀና ብላ ‘የባንድ መሣሪያ ነው፣ ናስ፣ ድምፁ ወፍራም፣ አራት ፊደል’ አለችኝ። ቱባ አልኳት። ወዲያው። ምክንያቱም አጎቴ የፖሊስ ማርሽ ባንድ ውስጥ ቱባ ይነፋ ነበር። ቤታችን ሲመጣ የመሣሪያው አፍ ከንፈሩ ላይ የተወው ክብ ምልክት እስከ ማታ አይጠፋም። ‘ትራምፔቱን ሰው ይሰማዋል፣ ቱባውን ግን የሰልፈኛው እግር ነው የሚሰማው’ ይለን ነበር። ያ ሁሉ ትዝታ የአሜሪካ ጋዜጣ ላይ አራት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ቁጭ ሲል ያየሁ ጊዜ የተሰማኝን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም።

እኛ ለዚህ ሙዚቃ እንግዶች አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1924 ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች የናስ ባንድ ሲጫወቱ ሰሙ። ልጆቹ በኦቶማን ቱርክ ከደረሰው የአርመናውያን እልቂት የተረፉ ነበሩ። አርባ ሆነው አዲስ አበባ መጡ፤ ‘አርባ ልጆች’ የሚለው ስም እንደዚያው ቀረ። የሚመሯቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ በንጉሡ ዘመን ሲዘመር የኖረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት ሰው ናቸው። ከዚያ የክቡር ዘበኛው፣ የጦር ሠራዊቱ፣ የፖሊሱ ባንዶች መጡ። ጥላሁን ገሠሠ የዘፈነው ከክቡር ዘበኛ ጋር ነው። ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎኑን ይዞ ፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ሠርቷል። ከምንወዳቸው የድሮ ዘፈኖች ጀርባ የሚሰማው የትንፋሽ ድምፅ አንድ እግሩ ሰልፍ ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ ማርሽ ስትሰሙ እግራችሁ ቢነቃነቅ አይግረማችሁ።

እሺ፣ ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ሁላችሁም አንድ አንድ ደርሷችኋል? የሠራሁት እኔ ነኝ። ሦስቱን ረጃጅም መስመሮችና ጥቂት አጫጭር ቃላትን ነው ያሰፈርኩበት፣ ሌላውን ባዶ ትቼዋለሁ። ለመማሪያ ይበቃል።

ስለ ክሮስወርድ ታሪክ ብዙ አላደክማችሁም። የመጀመሪያው የወጣው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 ኒውዮርክ ወርልድ የሚባል ጋዜጣ ላይ ነው። የሠራው አርተር ዊን ይባላል፣ ከሊቨርፑል የመጣ ስደተኛ ነበር። ቅርጹ እንደ አልማዝ ሆኖ ስሙ ‘ወርድ ክሮስ’ ነበር፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቃላቱ ቦታ ተለዋውጠው ‘ክሮስወርድ’ ሆነ። አንድ ስደተኛ የጀመረውን ነገር ሌላ ስደተኛ ቢቀጥለው ምንም አያስገርምም።

አሁን ወረቀቱን ገልብጡት። ላዩን ታች አድርጉት። ጥቁሮቹን ሳጥኖች እዩ። ምን ተቀየረ? ምንም። ቦታቸው ያው ነው። የአሜሪካ ክሮስወርድ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ግማሽ ዙር ብታዞሩት መልኩ አይለወጥም። የሥራ ቀኑ 15 በ15 ነው፣ የእሁዱ 21 በ21። ከሦስት ፊደል ያነሰ ቃል አይገባም። እያንዳንዱ ፊደል ደግሞ በሁለት ቃል ይያዛል፣ አንድ ወደ ጎን፣ አንድ ወደ ታች።

ይህ ‘ግማሽ ዙር’ የሚለው ሕግ ትልቅ ስጦታ ነው። ለምን መሰላችሁ? የጭብጡ ረጃጅም መልሶች ጥንድ ጥንድ መሆን አለባቸው ማለት ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ 14 ፊደል ያለው መልስ ካለ፣ ከታች በኩል ትይዩው ማለትም አሥራ ሦስተኛው መስመር ላይም 14 ፊደል ያለው ይኖራል። መሃሉ ላይ የሚቀመጠው ብቻ ጥንድ አያስፈልገውም። እንግዲህ የማርሾችን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል መቁጠር ስጀምር ያገኘሁትን ልንገራችሁ። እውነት ለመናገር ለሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል።

‘ዋሽንግተን ፖስት’። ዋሽንግተን 10፣ ፖስት 4። ድምሩ 14።

‘ናሽናል ኤምብለም’። ናሽናል 8፣ ኤምብለም 6። ይኸውም 14!

መሃል ላይ ደግሞ የማርሾች ሁሉ አውራ የሆነው ‘ስታርስ ኤንድ ስትራይፕስ’። 5 እና 3 እና 7። አሥራ አምስት። ከግድግዳ ግድግዳ፣ አንድ ሳጥን ሳይተርፍ። ሙሉ ስሙ ‘ፎርኤቨር’ የሚል መጨረሻ አለው፤ እሱ ሲጨመር 22 ይሆናል፣ ከፊቱ ያለውን ‘ዘ’ እንኳን ሳንቆጥር። የእሁዱም ትልቅ ሠንጠረዥ በአንድ ሳጥን ያንሰዋል። ስለዚህ ‘ለዘላለም’ የሚለውን ቃል ትተን ገባን።

እነዚህን ሦስቱን አንድ በአንድ እንያቸው፤ ከስማቸው በፊት ግን ሰውየውን ማወቅ አለባችሁ። ጆን ፊሊፕ ሱዛ፣ ከሦስቱ ማርሾች የሁለቱ ደራሲ። ሱዛ በእንግሊዝኛ አምስት ፊደል፣ ከአምስቱ ሦስቱ አናባቢ። የክሮስወርድ አዘጋጆች እንዲህ አናባቢ የበዛበት አጭር ስም ይወዳሉ፣ ማገናኘት ይቀላቸዋላ። ‘የማርሽ ንጉሥ’ የሚል ፍንጭ ባምስት ሳጥን ካያችሁ አታስቡበት፣ ሱዛ ብላችሁ ጻፉ።

ሰውየው ደግሞ ጎረቤታችን ነው። የተወለደው እዚሁ ዋሽንግተን ነው፣ ካፒቶል ሂል አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1854። የተቀበረውም እዚሁ ነው፣ ኮንግሬሽናል መካነ መቃብር። ታክሲ የምትነዱ ወንድሞቼ፣ ፔንስልቬንያ አቬኑን ይዛችሁ አናኮስቲያ ወንዝን ስትሻገሩ የምታልፉበት ድልድይ በስሙ ነው የሚጠራው። ስንቴ አልፋችሁበታል? እኔ ስሙን ሳላነበው ለዓመታት አልፌበታለሁ።

አባቱ የባሕር ኃይል እግረኛው ማለትም የማሪን ባንድ ውስጥ ትሮምቦን ይነፋ ነበር። ልጁ 13 ዓመት ሲሆነው ከሰርከስ ባንድ ጋር ሊኮበልል አሰበ። አባት ነገሩን ደረሰበት። ቁጣም ዱላም አላስፈለገም፤ ልጁን እጁን ይዞ ወስዶ እሱው የሚሠራበት ባንድ ውስጥ በተለማማጅነት አስመዘገበው። ያ ልጅ አድጎ ከ1880 እስከ 1892 የዚያው ባንድ መሪ ሆነ፤ በአምስት ፕሬዚዳንቶች ዘመን። ከዚያ የራሱን ባንድ አቋቁሞ ዓለምን ዞረ። ከ130 በላይ ማርሽ ጽፏል።

ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣው ነው ብላችሁ ነበር አይደል? ልክ ናችሁ። ጋዜጣው ለተማሪዎች የድርሰት ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። ለሽልማቱ ቀን ማርሽ እንዲጽፍ ሱዛን ጠየቁት። እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 1889 ስሚዝሶኒያን ግቢ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመታ። ከዚያ ምን ሆነ፣ ሰው ሰልፍ ማድረጉን ትቶ ይደንስበት ጀመር! ‘ቱ ስቴፕ’ የሚባለው ዳንስ በዚህ ማርሽ ነው አገር ያዳረሰው። እዚህ ጋ ፍንጩ ‘ጋዜጣ’ ብቻ ሊል ይችላል፣ ‘የድርሰት ውድድር ማርሽ’ም ሊል ይችላል። 14 ሳጥን መሆኑን ካያችሁና ከላይ የሚወርዱት ቃላት አንድ ሁለት ፊደል ከሰጧችሁ አለቀ።

ናሽናል ኤምብለም የሱዛ አይደለም። ኤድዊን ኢዩጂን ባግሌይ የሚባል ሰው ነው የጻፈው። መጀመሪያው ላይ የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር መነሻ ኖታዎች ተሸሽገውበታል። ስልካችሁ ላይ ክፈቱና ስሙት፤ ካወቃችሁት በኋላ አለመስማት አይቻልም። ፍንጩም ይህንኑ ያነሳል፣ ‘መዝሙር የተሸሸገበት ማርሽ’ ይላል።

መሃለኛው ግን ሌላ ነው። ሱዛና ባለቤቱ አውሮፓ ለዕረፍት ሄደው ሳለ የባንዱ ሥራ አስኪያጅ መሞቱን ሰሙ። በመርከብ ወደ አሜሪካ ሲመለሱ፣ 1896 መጨረሻ ላይ፣ ሱዛ የመርከቡ ወለል ላይ እየተንጎራደደ ጭንቅላቱ ውስጥ ባንድ ሲጫወት ይሰማው ነበር። አገሩ ሲደርስ ወረቀት ላይ አሰፈረው። ይኸው ነው። በ1987 በሕግ የአሜሪካ ብሔራዊ ማርሽ ተብሏል። ሱዛ በ1932 ፔንስልቬንያ ውስጥ ከአንድ ባንድ ጋር ልምምድ አድርጎ በዚያው ሌሊት ሲሞት፣ በመጨረሻ የመራውም ይህንኑ ነበር። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ያችን 15 ሳጥን በቀስታ ነው የምሞላት።

አሁን ስለ አጫጭሮቹ። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

አራት ፊደል ያለው የባንድ መሣሪያ ሲባል ብዙ ነገር ይመጣል፦ ቱባ፣ ሆርን፣ ድራም፣ ፋይፍ፣ ኦቦ። ፍንጩ ‘ናስ’ ካለ ድራምና ፋይፍ ወጡ፤ ፋይፍ ትንሽ የእንጨት ዋሽንት ናት። ቀሩ ቱባና ሆርን። እዚህ ላይ እንዳትገምቱ። መሃለኛውን መስመር እዩ፣ አሥረኛው ሳጥን ‘ቲ’ ነው። ከሱ ወደ ታች ነው የምንወርደው። ቱባ። ኦቦስ? ኦቦ ክሮስወርድ ላይ በጣም የምትወደድ ቃል ናት፣ ከአራት ፊደሏ ሦስቱ አናባቢ ነው። ሰልፍ ላይ ግን አትወጣም። የምትነፋው በሁለት ቀጫጭን ሸምበቆ ነው፤ እየተራመዱ፣ እየተደናቀፉ አፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መያዝ አይሆንም። ስለዚህ ፍንጩ ሰልፍን ካነሳ ኦቦን እርሷት።

‘ትሪዮ’ም እንዲሁ ነው። ሰው ሦስት ተጫዋች ይመስለዋል። ማርሽ ውስጥ ግን ትሪዮ የመሃለኛው ክፍል ስም ነው። ድሮ ያን ክፍል ሦስት መሣሪያ ብቻ ስለሚጫወተው ነው ስሙ የቀረው። አንድ ማርሽ አብዛኛውን ጊዜ አጭር መግቢያ አለው፣ ከዚያ 16 ባር (ባር ማለት ሙዚቃው በምት የሚከፈልበት ትንሽ ክፍል ነው) የሆነ ክፍል ሁለቴ፣ ሌላ 16 ባር ሁለቴ፣ ከዚያ ትሪዮ ይመጣል። ድምፁ ለስለስ ይላል፣ ቁልፉም፣ ማለትም ዜማው የሚመሠረትበት ድምፅ፣ ይለወጣል። የእኛ ቃል እዚህ ጋ እንዴት እንደሚያምር እዩት፦ ማርሹ ማርሽ ይቀይራል። ከትሪዮ በኋላ ደግሞ ከባዶቹ መሣሪያዎችና ቀጫጭኖቹ እየተመላለሱ የሚጣሉበት ክፍል አለ፤ የባንድ ሰዎች ‘ዶግፋይት’ ይሉታል፣ የውሾች ጠብ። ስምንት ፊደል። ፍንጩ ስለ ጦር አውሮፕላን የሚያወራ መስሏችሁ እንዳትስቱ።

ይህን ቅርጽ ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ፍንጮቹ ከዚያው ስለሚወጡ ነው። ‘ስታርስ ኤንድ ስትራይፕስ’ ትሪዮው ሲደገም ከባንዱ ሁሉ በላይ አንዲት ትንሽ መሣሪያ እንደ ወፍ ትዘምራለች። ሰባት ፊደል። ፒኮሎ። ኮንሰርት ላይ ከሆነ ተጫዋቾቿ ተነስተው ፊት ወጥተው ይቆማሉ። አንዴ የሰማ ሰው ይህን ፍንጭ ለመፍታት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።

መጨረሻው ላይ ጥያቄ ምልክት ያለበት ፍንጭ ሲመጣ እኛ ከማንም በላይ ቤታችን ነው። ጥያቄ ምልክቱ ‘ሰሙን ትታችሁ ወርቁን ፈልጉ’ ማለት ነው። ‘ባንዶች የሚወዱት ወር?’ አምስት ፊደል። ማርች! ወሩም ማርች፣ ሙዚቃውም ማርች፣ በእንግሊዝኛ ፊደሉ አንድ ነው። የማርሽ ንጉሡ የሞተውም በዚያው ወር ነው፣ ማርች 6። በእኛ አቆጣጠር ግን ገና የካቲት 27 ነበር። ልጅ ሆነን ቅኔ ሲፈታ የሰማን ሰዎች ይህን ጨዋታ ማንም እንዲያስተምረን አንጠብቅ። ልምዱ አለን።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮች አሉ። ፍንጩ አሕጽሮት ከተጠቀመ መልሱም አሕጽሮት ነው። ፍንጩ ብዙ ቁጥር ከሆነ መጨረሻው ሳጥን ላይ ‘ኤስ’ በስሱ ጻፉ። ላቲን የሚል ቃል ካለ መልሱ ላቲን ነው፤ ‘ሴምፐር ፊዴሊስ’ የሚለው የ1888 የሱዛ ማርሽ እንዲህ ነው የሚመጣው፣ ‘ሁልጊዜ ታማኝ’ ማለት ነው፣ የማሪኖቹ መፈክር። በእስክሪብቶ አትሥሩ። ከሰኞ ጀምሩ፣ በብዙ ጋዜጦች ሰኞ ቀላሉ ቅዳሜ ከባዱ ነው።

አንድ ልጅ ቅድም ‘ለምን በአማርኛ አይሠራም?’ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። በጣም የምወደው ጥያቄ ነው። ሞክሬዋለሁ። እንግሊዝኛ 26 ፊደል ነው ያለው፤ ሁለት ቃላት ሲገናኙ ‘ቲ’ ከ‘ቲ’ ጋር ከገጠመ በቃ። የእኛ ፊደል ግን ከነአናባቢው ነው። ‘ቱባ’ን ‘ቱ’ ላይ ለማቋረጥ ‘ት’ ያለበት ቃል አይበቃም፣ ‘ታ’ም አይሆንም፣ ራሷ ‘ቱ’ ያለችበት ቃል ነው የሚፈለገው። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል መሃል። ስለዚህ የአማርኛው ጥቁር ሳጥን ይበዛበታል፣ ቃላቱም አጫጭር ይሆናሉ። ያም ሆኖ ‘ማርሽ’ እና ‘ቱባ’ን የመሰለ ፍንጭ ያለው ቋንቋ ውስጥ ይህ ሥራ መቅረት የለበትም። በወር አንድ ለመሥራት የሚፈልግ ካለ ከንግግሩ በኋላ ያናግረኝ፣ አብረን እንቀመጣለን።

አሁን አሥር ደቂቃ አለን። እርሳስ ጠረጴዛው ላይ ነው። እኔ ማርሹን በቀስታ እከፍተዋለሁ፣ ትሪዮው ላይ ስትደርሱ ፒኮሎዋን ጠብቋት። ቱባን ሞልታችኋል፤ ትይዩዋ ደግሞ ወረቀቱን ስትገለብጡ እዚያው ቱባ የነበረችበት ቦታ የምትመጣው ቃል ናት። እሷን አልነገርኳችሁም። ወደ ታች፣ አራት ፊደል፣ የመጨረሻዋ ‘ኤ’ መሃለኛው መስመር ስድስተኛ ሳጥን ላይ አለች። ፍንጩ፦ ‘ኦፔራ ላይ አንድ ሰው ብቻውን የሚዘፍነው’።